ሰርቨሩ የማያውቀው ኮምፒውተር

በውሃ ድርጅቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ «ባለቁልፏ» ይላታል። የመጋዘን ቁልፍ ይዛ አይደለም፤ የመቶ አርባ ኮምፒውተሮች ፈቃድ በእሷ እጅ ስለሆነ ነው። ጠዋት ጠዋት የአንዱ ስክሪን ጠቁሮ ጥጉ ላይ «ፈቃድዎ አልተረጋገጠም» የሚል ጽሑፍ ብቅ ካለ፣ ባለኮምፒውተሩ ቤቱ የተቃጠለበት ይመስል እየሮጠ ቢሮዋ ይመጣል። ሲስተካከልለት ደግሞ ዘወር ብሎም አያያት። እሷም ለምዳዋለች። እንዲያውም ትክክለኛ ስሟን የረሱት ሰዎች ብዙ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድርጅት ሶፍትዌር የሚገዛው እንደ ግለሰብ አንድ በአንድ ሳይሆን በጅምላ ነው። አንድ ውል ይፈረማል፣ አንድ የጋራ ቁልፍ ይመጣል፤ ቁልፉም እሷ ክፍል ጥግ ላይ ቀን ከሌት በሚያጉረመርመው ሰርቨር ውስጥ ይገባል። የቀሩት ኮምፒውተሮች በኔትወርክ ገመድ በኩል በየሳምንቱ ሰርቨሩን «አሁንም ፈቃድ አለኝ ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። እሱም «አለህ» ይልና የጠየቁበትን ቀን ይመዘግባል። መቶ ሰማንያ ቀን ሳይጠይቅ የከረመ ኮምፒውተር ፈቃዱን ያጣል። ኩራቱ ደግሞ! ጠያቂዎቹ ሃያ አምስት ካልሞሉ ለአንዳቸውም መልስ አይሰጥም። ይህን ለአዲስ ሠራተኛ ስታስረዳ፣ «ቤት ሙሉ ሰው የለመደ ሽማግሌ ነው፤ ሰው ካልሞላለት አፉን አይከፍትም» እያለች ታስቃቸው ነበር።

ከመቶ አርባዎቹ ውስጥ ግን አንዱ ሰርቨሩን አይጠይቅም። የወንድሟ ኮምፒውተር ነው።

ወንድሟ ምድር ቤት፣ መዝገብ ክፍል ውስጥ ይሠራል። በአሥራ ሦስት ዓመት ይበልጣታል። አባታቸው ሲሞት ትምህርቱን ጥሎ የቧንቧ ቁፋሮ ገባ፤ ራሱ ያቋረጠውን ትምህርት እሷ እንድትጨርስ አደረገ። ወገቡ አልታዘዝ ሲለው ከቁፋሮ አነሱትና መዝገብ ክፍል አስቀመጡት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እዚያ ተቀምጦ የድሮ የቧንቧ ንድፎችን ከተቀዳደደ ወረቀት ወደ ኮምፒውተር ይገለብጣል። የትኛው መስመር በየትኛው መንገድ ሥር እንደሚያልፍ፣ ስንት ሜትር ጠልቆ እንደተቀበረ፣ የት ጋ እንደሚታጠፍ። በሁለት ጣት ነው የሚተይበው፤ ግን አንድ ቁጥር አይስትም። ጡረታ ለመውጣት ሦስት ዓመት ቀርቶታል። ሦስት ልጆች አሉት፤ የመጨረሻዋ ገና ስምንተኛ ክፍል ናት። እናታቸው አልጋ ላይ ከዋለች ሁለት ዓመቷ ነው፤ እሱ ቤት ናት። ባለቁልፏም ያው እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከኋላ ባለችው ክፍል ነው የምትኖረው።

የምድር ቤቱ የኔትወርክ ገመድ ከበሰበሰ ቆይቷል። የውሃ ድርጅት ሆኖ የራሱን ምድር ቤት ከውሃ ማዳን ያቃተው ድርጅት ነው እንግዲህ! አዲስ ገመድ ይገዛልኝ ብላ ሦስት ጊዜ ጻፈች፤ ሦስቱም ጊዜ ጆሮ ዳባ ልበስ ተባለች። ከሁለት ዓመት በፊት ወንድሟ ደረጃውን እያለከለከ ወጥቶ ቢሮዋ በር ላይ ቆመ።

«ሚጣዬ፣ ያቺ ኮምፒውተር ተቀይማኛለች መሰለኝ፤ ፊቷን አጥቁራለች።»

ሳቀች። ምን እንደሆነ ገብቷታል፤ መቶ ሰማንያ ቀኑ አልፏል። እንዲህ ከኔትወርክ ውጭ ለቀረ ኮምፒውተር ሌላ ዓይነት ቁልፍ አለ፤ የነጠላ ቁልፍ። ለጥቂት ኮምፒውተሮች ብቻ ነው የሚያገለግለው፤ አንዴ ከሰጡት አይመለስም፤ ግን የተሰጠው ኮምፒውተር ከዚያ ወዲያ ሰርቨር የሚባል ነገር አያስፈልገውም። ፈቃዱን የሚያጸድቁት በስልክ ነው። ምድር ቤት ስልክ እየተቆራረጠ ስለሚያስቸግር እሷ ደረጃው ላይ ቆመች፣ እሱ ከታች ሆኖ ስክሪኑ ላይ የተደረደረውን ስልሳ ሦስት አሃዝ እየጮኸ አነበበላት። እሷ ለስልኩ ነገረች፤ ከስልኩ የመጣውን ቁጥር ደግሞ መልሳ ጮኸችለት። አላፊ አግዳሚው ምን ነካቸው እያለ ያያቸው ነበር። ሲያልቅ ስክሪኑ በራ።

«በቃ ጋሼ» አለችው፣ «ከእንግዲህ ማንንም አትለምንም።»

ደስ አላት። ለእሱ አንድ ነገር ማድረግ የቻለችባቸው ቀኖች ጥቂት ናቸውና፣ ያን ቀን ቤቷ እስክትገባ ድረስ ደስ እንዳላት ነበር።

ዘንድሮ ውሉ የሚታደስበት ጊዜ ደረሰ። ሻጩ ኩባንያ በየዓመቱ ስንት ኮምፒውተር በሥራ ላይ እንዳለ ተቆጥሮ እንዲላክለት ይፈልጋል። ባለቁልፏ እንደ ወትሮዋ ዝርዝሩን ሠራች፤ የኮምፒውተሩ ቁጥር፣ የሚሠራበት ሰው፣ ክፍሉ፣ በመጨረሻ ሰርቨሩን የጠየቀበት ቀን። ሥራዋ ሁልጊዜ ጥንቅቅ ያለ ነው። የወንድሟ ረድፍ ላይ ስትደርስ በቀኑ ቦታ ሰረዝ አደረገች። ለሙያው ሰው ሰረዝ ማለት «ይህኛው መጠየቅ አያስፈልገውም» ማለት ነው። ከግርጌ አንዲት መስመር ማብራሪያ ብትጽፍ ምን ነበረበት! ግን ለማን ብላ? ዝርዝሩ የሚሄደው ለሻጩ ነው፣ ሻጩ ደግሞ ያውቀዋል። ፈረመችበትና ላከችው፤ አንድ ቅጂም ለአዲሱ ሥራ አስኪያጅ ሰጠች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ማክሰኞ ቀን፣ ሥራ አስኪያጁ አስጠራት። ክፉ ሰው አይደለም። ዓይኑ ሥር የጠቆረ፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ከላይ የሚጫኑት ሰው ነው።

«ተቀመጪ፣ ተቀመጪ። ላመሰግንሽ ነው የጠራሁሽ» አላት። «ያቺ ዝርዝርሽ ዓይናችንን ገለጠችው። ሠራተኛ ቀንሱ ስንባል ማንን ብለን ግራ ገብቶን ነበር። ከዝርዝሩ ላይ ኮምፒውተራቸውን ከስድስት ወር በላይ ያልነኩትን ሰዎች አወጣን። ምን ብናገኝ ጥሩ ነው? አንዱ አገር ጥሎ ከሄደ አራት ዓመቱ ነው። አንዷ ነፍሷን ይማረውና ሞታለች። ስማቸው ግን ከመዝገብ አልወጣም! ቦርዱ አጨበጨበ ስልሽ።»

ወረቀቱን ወደ እሷ ገፋ አደረገው። አሥራ አራት ስም። ዘጠነኛው የወንድሟ ስም ነው።

«ይሄ ስህተት ነው» አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። «ይሄ ሰውዬ በየቀኑ ይሠራል።»

«ሰረዝ ነው ያለው።»

«ሰረዙ ሌላ ነው፤ ኮምፒውተሩ የነጠላ ቁልፍ ነው ያለው። ሰርቨሩን አይጠይቅም፣ መጠየቅም የለበትም።»

ሥራ አስኪያጁ ብዕሩን አስቀመጠ። «ደብዳቤው ዓርብ ነው የሚሰጠው። እስከዚያ ይሠራ እንደነበር የሚያሳይ ነገር ከሰርቨሩ አውጥተሽ አምጪልኝ። አያለሁ።»

ከሰርቨሩ! ሰርቨሩ እኮ የማያውቀው ኮምፒውተር ነው። ይህን ደግማ ሳትነግረው ወጣች፤ ቢያንስ «አያለሁ» ብሏታል። ሰው ሲጨንቀው ማሰብ ያቆማል፣ እጁ ብቻ ይሠራል። ረቡዕ በምሳ ሰዓት ከራሷ ቢሮ ረጅም ገመድ ጎትታ በደረጃው በኩል ምድር ቤት ወረደች። የነጠላውን ቁልፍ ከወንድሟ ኮምፒውተር አወጣች፣ የጋራውን አስገባች፣ ገመዱን ሰካች። ኮምፒውተሩ ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ ሰርቨሩን ጠየቀ። ሰርቨሩም መለሰለት።

ወንድሟ ከጀርባዋ ቆሞ ምሳውን እያኘከ ያያል።

«ኔትወርክ ሊያስገቡልኝ ነው? ተባረኪ የእኔ እህት! ስንት ዓመት ጠበቅኩት መሰለሽ። ከእንግዲህ ንድፎቹ እዚህ ብቻ ተቀብረው አይቀሩም ማለት ነው።»

«አዎ ጋሼ» አለችው፣ ፊቷን ከስክሪኑ ሳታነሳ።

ማታ እናታቸው አልጋ አጠገብ ተቀምጦ፣ «እማዬ፣ ልጅሽ እኮ ዛሬ ኔትወርክ አስገባችልኝ» እያለ ሲያወራ ሰማችው። እናታቸው ኔትወርክ ምን እንደሆነ አታውቅም፤ ግን «እሰይ፣ እሰይ» አለች። ባለቁልፏ ራቴን በልቻለሁ ብላ ክፍሏ ገባች። አልበላችም ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ከሰርቨሩ ያወጣችውን ወረቀት ይዛ ሄደች። ሥራ አስኪያጁ አነበበው፣ ገለበጠው፣ ደግሞ አነበበው።

«ይሄ እኮ የትናንት ቀን ነው።»

«ትናንት ነው ያገናኘሁት። ግን ዘጠኝ ዓመት ነው የሠራበት። ውስጡ ያሉትን ፋይሎች ቀን ማየት ይቻላል፣ በየቀኑ ነው የተቀመጡት...»

«ትናንት ኮምፒውተሩን ማን ነካው?»

«እኔ።»

«ቁልፉን ማን ቀየረው?»

«እሱንም እኔ ነኝ።»

«ስሚኝ» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ወንድምሽ እንደሆነ ትናንት ነው የሰማሁት። እኔ አምንሻለሁ። ግን ስሙ ሊወጣ ሁለት ቀን ሲቀረው እህቱ ምድር ቤት ወርዳ ኮምፒውተሩን ስትነካካ ዋለች ቢባል፣ የፋይል ቀን ምን ያደርጋል? ሰዓቱን ቀይራ ነው ይሉሻል። ማስረጃ ፈጠረች ይሉሻል።»

«ጥገና ክፍሎችን ይጠይቋቸው። ቧንቧ በፈነዳ ቁጥር የሚደውሉት ለእሱ ነው።»

«ለሚያውቀው ነገር ነዋ የሚደውሉለት። ቤቱም ቢሆን ሊደውሉለት ይችላሉ።» ይህን ያለው ለማሾፍ አይደለም፤ ከልቡ ነው፣ ያ ነው ይበልጥ አንጀቷን የቆረጠው። «ደግሞ ሌላም አለ። ዝርዝሩ ስህተት ነው ካልሽ፣ ለሻጩ የላክነውም ያው ዝርዝር ስህተት ነው ማለት ነው። ፊርማው ያንቺ ነው። ቦርዱ አሥራ አራት ሰው ያሰናበተው ባንቺ ፊርማ ነው። የቀሩት ነገ ጠበቃ ይዘው ይመጣሉ። ያን ጊዜ ወንድምሽ አይመለስም፤ አንቺ ትጨመሪያለሽ እንጂ። ቤታችሁ ውስጥ ስንት ሠራተኛ አለ?»

«ሁለት ነን።»

«እንግዲህ አስቢበት።»

አስባ ምን ልታመጣ! ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። ሳትነካው ቢቀር ኖሮ ፋይሎቹ ራሳቸው ይመሰክሩለት ነበር። ልታድነው ብላ የነበረውን አንድ ማስረጃ በገዛ እጇ ገደለችው። ቁልፉንም ልመልስለት ብትል፣ የነጠላው ቁልፍ ድርሻ አልቋል፤ እሱ የተጠቀመበት የመጨረሻው ነበር። የማንም ለማኝ ያልነበረው ኮምፒውተር አሁን በየሳምንቱ የሚለምን ሆኗል፣ እሱም በእሷ ሥራ። እጄን በቆረጠው አለች፤ ኮሪደሩ ላይ ሰው ስላልነበረ ጮክ ብላ ነው ያለችው።

ዓርብ ከሰዓት ወንድሟ ደብዳቤውን ተቀበለ። ማታ ክፍሏ መጥቶ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠና አሳያት። አልደነገጠም፤ ቤት የተሳሳተ ሰው አንኳኩቶ ሲሄድ ባለቤቱ እንደሚስቅ ፈገግ ብሏል።

«ኮምፒውተር የማያውቅ ሰው የጻፈው ነው» አላት። «"ለረጅም ጊዜ ሥራ ላይ ባለመገኘትዎ" ይላል። እኔን! እኔ የታመምኩ ቀን እንኳ ቀርቼ አላውቅም። አይ፣ ሰኞ ይስተካከላል። አንቺ አለሽ አይደል እንዴ፣ አንቺ ትነግሪያቸዋለሽ።»

ያኔ ነበር መናገር የነበረባት። «ለልጆቹ ነገርካቸው?» አለችው ብቻ።

«ምን ብዬ? የሚስተካከል ነገር ለምን አስደነግጣቸዋለሁ።»

ቅዳሜን፣ እሑድን እንዴት እንዳሳለፈች እሷ ታውቃለች። ልብስ አጠበች፣ የታጠበውን ደግማ አጠበች።

ሰኞ ጠዋት የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ሦስት ቅጂ የርክክብ ቅጽ ይዞ ምድር ቤት ወረደ። አስረካቢው ወንድሟ ነው፤ ተረካቢው፣ የኮምፒውተር ነገር ስለሆነ፣ ባለቁልፏ ናት። ደንቡ እንዲህ ነው፤ ማንም አላሰበበትም። ወንድሟ ጠረጴዛውን ወልውሎ፣ የወረቀት ንድፎቹን በየማህደራቸው አስሮ፣ ሸሚዙን ለብሶ ጠበቃቸው። እሷን ሲያይ ፊቱ በራ። ልታስተካክለው የመጣች መስሎታል።

የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ብዕሩን በምላሱ ነካ አድርጎ ይጽፍ ጀመር። «ወንበር አንድ፣ ደህና። ጠረጴዛ አንድ፣ መሳቢያው የተሰበረ። ኮምፒውተር አንድ፣ አገልግሎት የማይሰጥ...»

«ምን አልክ?» አለ ወንድሟ።

«አገልግሎት የማይሰጥ።»

«እንዴት አባቱ ነው አገልግሎት የማይሰጥ! እየው!» ኮምፒውተሩን ከፈተው። ስክሪኑ በራ፣ ንድፉ መጣ፤ ሰማያዊ መስመሮች፣ ከጎናቸው በሁለት ጣት የተተየቡ ቁጥሮች። «ይሄ የገበያው መስመር ነው። ይሄ የሆስፒታሉ ነው። ዓርብ ጠዋት ያስገባሁት ይሄው። የማይሠራ ነገር እንዲህ ያደርጋል?»

ሰውዬው ተቸገረ። «ወንድሜ፣ አይቆጡኝ። እኔ የማየውን ሳይሆን የተላከልኝን ነው የምጽፈው። ስንብቱ የተመሠረተበት ዝርዝር ከቅጹ ጋር ተያይዟል፤ እዚያ ላይ ሥራ የለውም ነው የሚለው። ከሠራ ደግሞ ባለሙያዋ እዚህ ቆማለች። ዝርዝሩ ስህተት ነው ብላ ጎኑ ላይ ትጻፍና ትፈርም። እኔ ምን ቸገረኝ።»

«የታለ ዝርዝሩ?»

ሰውዬው ሰጠው። ወንድሟ መነጽሩን አውጥቶ አደረገ። ጣቱን ከላይ ወደ ታች እያወረደ ስሙን ፈለገ፣ ስሙ አጠገብ ያለችውን ሰረዝ አገኘ፣ ከዚያ ጣቱ ወደ ግርጌ ወረደ። ፊርማዋን ያውቀዋል። የኮሌጅ መመዝገቢያዋን ስትሞላ አጠገቧ ቆሞ «ፊርማ እንዲህ ይሁን፣ ማንም እንዳያስመስለው» ብሎ ያስለመዳት እሱ ነው።

ቀና ብሎ አያት።

ልትናገር ነበር። በእናቷ ትምላለች፣ ልትናገር ነበር። ዝርዝሩ ስህተት ነው፣ ጻፍ፣ እፈርማለሁ ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ግን አልጋ ላይ የዋለችው እናቷ መጣችባት፣ የትንሿ የወንድሟ ልጅ ደብተር መጣባት፣ «ሁለት ነን» ያለችው ነገር መጣባት። የዘገየችው ምናልባት ሁለት ትንፋሽ ያህል ነው። እሱ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ያሳደጋት ሰው ነው፤ ሁለት ትንፋሽ በቅቶታል።

ወረቀቱን ለሰውዬው መለሰለት።

«እንዳለ ጻፈው» አለ።

«ምኑን?»

«አገልግሎት አይሰጥም በል። ልክ ነው። እኔ እዚህ ዝም ብዬ ነበር የምቀመጠው።»

«ጋሼ!» አለች።

«ምን ጋሼ ጋሼ ትያለሽ? ሰውዬውን ሥራ አታስፈቺው።» ወደ ስክሪኑ ዞረና ኮምፒውተሩን አጠፋው። ሰማያዊዎቹ መስመሮች ጠፉ።

የንብረት ክፍሉ ሰውዬ እንደ መገረም ብሎ ሳቀ። «እንዴ፣ አሁን ሲሠራ አይቼው አልነበር? ዘጠኝ ዓመት ዝም ብለው?»

«ዘጠኝ ዓመት ዝም ብዬ።»

«እንግዲህ የማይሠራ ከሆነ ታሽጎ የሚወገድ ዕቃ መጋዘን ነው የሚገባው። ውስጡ ለድርጅቱ የሚፈለግ ነገር አለ? ይሄ መጠየቅ አለበት፣ ቅጹ ላይ አለ።»

ወንድሟ እጁን የኮምፒውተሩ ክዳን ላይ አሳረፈ። «አለ» ቢል ዝርዝሩ ሐሰት ሊሆን፣ ፊርማዋም ሊጠየቅበት ነው።

«ምንም የለበትም» አለ።

ሰውዬው «የለም» ብሎ ጻፈ። ወንድሟ አስረካቢ በሚለው ላይ ፈረመ፣ ብዕሩን ለእሷ አቀበላት። ሰውዬው ማሸጊያ ፕላስተሩን ለመቁረጥ ጎንበስ ሲል ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። የቁጣ ድምፅ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻላት ነበር።

«ቤት ውስጥ ከጠየቁሽ አታውቂም» አላት። «ዝርዝሩን ማን እንደሠራው አታውቂም። እማዬ እንዳትሰማ።»

ቅጹን ወደ ራሷ ሳበች።

«እሺ ጋሼ» አለችው፣ ፈረመችም።